«ሲንዲኬሽን» በአማርኛ ምን ልበለው? በብድር ውልም በድረ ገጽም ያው ቃል ነው

ተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት የትርጉም ሥራ ላይ አንድ ቃል አስቸግሮኛል። አንደኛው ሦስት ባንኮች አብረው ለአንድ ፋብሪካ የሚሰጡት «ሲንዲኬትድ ሎን» ውል ነው። ሁለተኛው የዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ቅንብር ነው፤ ንባብ ከሚለው ገጽ ላይ «የሲንዲኬሽን ፊዶች የቅርቡን 10 ጽሑፍ ያሳያሉ» የሚል መስመር አለ። መዝገበ ቃላቱ «ማኅበር»፣ «የነጋዴዎች ኅብረት» ይላል። ለብድሩ ምናልባት ይሄድ ይሆናል፣ ለዎርድፕረሱ ግን ጭራሽ አይገጥምም። አንድ የአማርኛ ቃል ለሁለቱም ይበቃል? ወይስ ለየብቻ ልተርጉመው?

መዝገበ_ቃል

ለየብቻ ተርጉሚው እህቴ። መነሻውን ካየሽ ግን ለምን አንድ ቃል እንደሆነ ይገባሻል።

ሥሩ ግሪክኛ ነው፤ «ሲን» አብሮ ማለት ነው፣ «ዲኬ» ደግሞ ፍርድ። «ሲንዲኮስ» በፍርድ አደባባይ ከባለጉዳዩ ጎን ቆሞ የሚሟገት ሰው ነበር። ወደ ላቲን ሲሻገር የከተማ ወይም የማኅበር ወኪል ሆነ። ጣልያኖች ከንቲባን «ሲንዳኮ» የሚሉት ከዚያ ወስደው ነው። ፈረንሳዮች ዘንድ «ሲንዲካ» ዛሬ የሠራተኛ ማኅበር ነው፤ ከፈረንሳይኛ የምትተረጉሙ በዚህ እንዳትሳሳቱ።

እንግሊዝኛው ሲወስደው ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ። በገንዘቡ ዓለም ብዙዎች ተሰባስበው ወደ አንድ ይመጣሉ፤ ብዙ አበዳሪ፣ አንድ ተበዳሪ። በኅትመቱ ዓለም ደግሞ ከአንድ ተነሥቶ ወደ ብዙ ይሄዳል፤ አንድ ጽሑፍ፣ ብዙ ጋዜጣ። ሳሙኤል ማክሉር እ.ኤ.አ. በ1884 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋመው ድርጅት ሥራው ይኸው ነበር። አንድን ልብ ወለድ ወይም መጣጥፍ ከደራሲው ገዝቶ ለብዙ ጋዜጦች በአንድ ጊዜ ይሸጣል። እያንዳንዱ ጋዜጣ የሚከፍለው ጥቂት ነው፣ ድምሩ ግን ደራሲውንም አሻሻጩንም ያኖራል። በአሜሪካ ቴሌቪዥንም ያው ነው፤ ዝግጅቱ በአንድ ትልቅ ጣቢያ ሰንሰለት ከሚተላለፍ በየከተማው ላለ ጣቢያ በተናጠል ይሸጣል።

በሁለቱም አቅጣጫ ያልጠፋው በመካከል የሚቆመው ወኪል ነው። በብድሩ ወኪል ባንክ፣ በጋዜጣው አሻሻጩ ድርጅት፣ በድረ ገጹ ደግሞ ፊድ የሚባለው ፋይል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአማርኛ ዜና «ሲንዲኬት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሙስና ወይም የኮንትሮባንድ ቡድንን ለመጥራት ነው። ስለዚህ ለተበዳሪው በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ «የባንኮች ሲንዲኬት» ብለሽ እንዳትጽፊ።

የብድር_ክፍል

የብድሩን ክፍል እኔ ልመልስ። ባንክ ውስጥ በአፍ «ሲንዲኬሽን» ነው የሚባለው። በጽሑፍ ግን «የባንኮች ጥምር ብድር» ብትይው ማንም ሳይጠይቅሽ ያልፋል። አደራጁ «መሪ ባንክ»፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚያስተዳድረው «ወኪል ባንክ»፣ ሌሎቹ «ተሳታፊ ባንኮች» ይባላሉ። መሪና ወኪል ብዙ ጊዜ አንድ ባንክ ነው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። የመሪው ሥራ ሲፈረም ያበቃል፣ የወኪሉ ግን ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ሁለቱን በአንድ ቃል አትተርጉሚ።

ለምን ያስፈልጋል? ብሔራዊ ባንክ አንድ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ ማበደር በሚችለው ላይ ጣሪያ ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው መመሪያ ጣሪያውን ከባንኩ ጠቅላላ ካፒታል 25 በመቶ አድርጎታል። ለሥራ ከመጠቀማችሁ በፊት በጊዜው ከሚሠራበት መመሪያ ጋር አመሳክሩ፤ ለስሌት ግን በዚሁ እንሂድ። ፋብሪካው 5 ቢሊዮን ብር ይፈልጋል እንበል።

ባንክ ሀ፣ ካፒታሉ 8 ቢሊዮን፣ ጣሪያው 2 ቢሊዮን።
ባንክ ለ፣ ካፒታሉ 7 ቢሊዮን፣ ጣሪያው 1.75 ቢሊዮን።
ባንክ ሐ፣ ካፒታሉ 5 ቢሊዮን፣ ጣሪያው 1.25 ቢሊዮን።

ሲደመር ልክ 5 ቢሊዮን ይመጣል። ወረቀት ላይ አማረ፣ ሥራ ላይ ግን እንዲህ ጠርዝ ድረስ መሄድ ስህተት ነው። ከሦስቱ አንዱ ለዚሁ ፋብሪካ ወይም ለእህት ኩባንያው ቀድሞ የሰጠው 50 ሚሊዮን ቢገኝ ስሌቱ ያን ያህል ይጎድላል፣ ያኔ አራተኛ ባንክ ፍለጋ ይጀመራል። ከመጀመሪያው አራት ባንክ ይዞ እያንዳንዱን ከጣሪያው ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ድርሻው 40፣ 35 እና 25 በመቶ ነው። ከዚህ በኋላ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ሁሉ በዚህ መጠን ይሄዳል። ተበዳሪው 600 ሚሊዮን ልውሰድ ብሎ ለወኪሉ ቢጽፍ ሀ 240፣ ለ 210፣ ሐ 150 ሚሊዮን ለወኪሉ ይልካሉ። ተበዳሪው 90 ሚሊዮን ሲከፍል ወኪሉ 36፣ 31.5 እና 22.5 ሚሊዮን አድርጎ ያከፋፍላል።

ድምፅ አሰጣጡም በድርሻ ነው። ለንደን ያለው የብድር ገበያ ማኅበር በሚያሳትማቸው አርአያ ውሎች ላይ አብላጫው ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 66⅔ በመቶ ነው። ይህን ከላይ ባለው ምሳሌ ሞክሩት። ሀ እና ለ ሲደመሩ 75 ናቸው፣ ያልፋሉ። ሀ እና ሐ ግን 65 ናቸው፣ አያልፉም። ሐ 1.25 ቢሊዮን አበድሮ ብቻውን ምንም ማስቆም አይችልም፣ ሀ እና ለ ግን እያንዳንዳቸው ይችላሉ። ትንሹ ባንክ ይህን ከመፈረሙ በፊት ማስላት አለበት። ወለድ መቀነስን፣ ጊዜ ማራዘምንና መያዣ መልቀቅን የመሳሰሉ ጉዳዮች በሁሉም ስምምነት ብቻ ይሁኑ ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

የሚበላሸው የት ነው?

አንደኛ፣ ማጽደቁ ላይ። መሪው ያዘጋጀው የውል መነሻ ወደ ሦስቱ የብድር ኮሚቴዎች ይሄዳል። የአንዱ ኮሚቴ «የባለቤቶቹ የግል ዋስትና ይጨመር» ብሎ ያጸድቃል። ያን ቀን ሌሎቹ ያጸደቁት ወረቀትና የእሱ ወረቀት የተለያዩ ሆኑ ማለት ነው፣ ሁለቱም እንደገና ይቀርባሉ። መሪው ረቂቁን ለኮሚቴ ከመላኩ በፊት ከየባንኩ የብድር ኃላፊ የጽሑፍ አስተያየት ከሰበሰበ ይህ አይደርስም።

ሁለተኛ፣ መያዣው ላይ። የሕንጻውና የመሬት ይዞታ መብቱ መያዣ በአንዱ ባንክ ስም ብቻ ይመዘገባል፤ ያ ባንክ ለሌሎቹም ወኪል ሆኖ እንደያዘ የሚያሳይ ሰነድ ግን የለም። ለማሽነሪውም ያው ነው፤ ተንቀሳቃሽ ንብረት በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ሲመዘገብ የተመዝጋቢው ባንክ ስም ላይ «ለራሱና ለተሳታፊዎቹ» የሚለው መታየት አለበት። ካልታየ ጭቅጭቁ የሚነሳው ፋብሪካው መክፈል ሲያቅተው ነው፣ ያኔ ማስተካከል ከባድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ላይ። የፋብሪካው የሽያጭ ገቢ በባንክ ለ ቢገባና ለ የራሱን ድርሻ ብቻ ቀንሶ ቢያስቀር ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። «ማንኛውም ባንክ ከድርሻው በላይ ከሰበሰበ ትርፉን ለወኪሉ አስረክቦ ይካፈላል» የሚል አንቀጽ ከሌለ ጥምሩ በስም ብቻ ነው።

ሰፈርተኛ

ታዲያ ለምን ዕቁብ አንለውም? ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ሁሉም በድርሻው ያዋጣል። ሕዝቡ በአንድ ቃል ይገባዋል። ካልሆነ «ሽርክና»።

የብድር_ክፍል

የዕቁብ ዳኛ ለወኪል ባንክ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ገንዘቡ የራሱ አይደለም፣ ሰብስቦ ያስረክባል። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። በዕቁብ ሰጪው ተራው ሲደርስ ተቀባይ ነው፣ ወለድም የለም። በጥምር ብድር ሰጪዎቹ ሁልጊዜ ሰጪ ናቸው። አንድ ዕቁብተኛ ቢጠፋ ደግሞ ዳኛው ወይም ዋሱ ያሟላል። ወኪል ባንክ አያሟላም። ባንክ ሐ የ150 ሚሊዮኑን ድርሻ በቀኑ ባይልክ ተበዳሪው የሚያገኘው 450 ብቻ ነው። ለማሽን የከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ማረጋገጫ) በዚያው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የመውሰጃ ማስታወቂያው ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ለወኪሉ እንዲደርስ ይጻፋል፤ የገንዘብ እጥረት ያለበት ባንክ ካለ ቀድሞ እንዲታወቅ ነው።

ሕግ_ነክ

«ሽርክና» አይሆንም። የሚያስፈራ ስህተት ነው። ሽርክና ማኅበር ነው፣ ሸሪኮች ትርፍና ኪሳራ ይካፈላሉ፣ ለማኅበሩ ዕዳም ይጠየቃሉ። ጥምር አበዳሪዎች ማኅበር አላቋቋሙም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ብድር ሰጥቷል፣ ውሉና አስተዳደሩ ብቻ ነው አንድ የሆነው።

«እሽሙር» የሚል ሐሳብም ሊመጣ ይችላል። የእሽሙር ማኅበር ለሦስተኛ ወገን የማይገለጥ ነው፣ ጥምር ብድር ላይ ግን ተበዳሪው ሁሉንም አበዳሪ በስም ያውቃል። ለእሽሙር የሚቀርበው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ባንክ ብቻውን አበድሮ ከበስተጀርባ ድርሻውን ለሌላ ባንክ ሲያካፍል። እሱ «ንዑስ ተሳትፎ» ይባል፣ ከጥምር ብድር ጋር አይምታታ።

ኮድና_ፊደል

ወደ ዎርድፕረሱ ልምጣ። እዚያ ላይ «ሲንዲኬሽን» ማለት ጽሑፍሽን ሌላ ፕሮግራም እየመጣ በሚወስድበት ቅርጽ ማስቀመጥ ነው። «የሥርጭት ፊዶች» በይው። ፊድን «መጋቢ» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፣ ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፊድ ነው የሚለው፣ ተይው።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። አርኤስኤስ የሚባለው የፊድ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኔትስኬፕ ኩባንያ ሲወጣ ፊደሎቹ ስለ ሥርጭት አያወሩም ነበር፣ የገጽ ማጠቃለያ ማለት ነበሩ። «እጅግ ቀላል ሥርጭት» ወደሚለው ትርጉም የዞሩት በኋላ ነው፤ ዛሬ በብዛት የምናየው 2.0 እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ተፎካካሪው አተም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። የፊድ ማንበቢያው ጉግል ሪደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው ፊድ የሞተ መሰለው፣ ፖድካስት ግን እስካሁን የሚሄደው በዚሁ ነው።

አሠራሩ የሚገፋ ሳይሆን የሚሳብ ነው። ገጽሽ ፋይሉን ያስቀምጣል፣ አንባቢው ፕሮግራም በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ መጥቶ «አዲስ አለ?» ይላል። ከሌለ አገልጋዩ 304 ብሎ በባዶ ይመልሰዋል። 304 የማይመልስ አገልጋይ ሙሉ ፋይሉን በየጊዜው ይልካል፣ የኢንተርኔት ፍጆታሽ ከዚያ ነው የሚንረው።

ለአማርኛ ጽሑፍ የተለዩ ችግሮች አሉ፣ እነሱ ላይ ልቆይ።

ቀኑ። በፊድ ውስጥ የሚጻፈው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሦስት ፊደል የእንግሊዝኛ የቀንና የወር ስም፣ ከሰዓት ክልሉ ጋር ነው። ዎርድፕረስ ራሱ አይሳሳትም። የሚሳሳተው በእጅ የተሠራ ፊድ፣ ወይም ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። «ሰኞ» ወይም «መስከረም» ከገባ ቀኑ አይነበብም። የባሰው ግን ዓመተ ምሕረቱ በቁጥር ሲገባ ነው፤ 2017 የሚለው ይነበባል፣ ስህተት ነው የሚል የለም፣ ጽሑፍሽ ግን ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት እንደወጣ ተቆጥሮ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባል። ማንም አያየውም። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የወጣ ጽሑፍ 09:00 ተብሎ ከ+0300 ጋር ይጻፋል። +0300 ከቀረና እንደ ግሪኒች ከተነበበ ጽሑፉ ገና ያልደረሰ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት የወጣ ጽሑፍ ይሆናል፣ አንዳንድ ፕሮግራምም ሰዓቱ እስኪደርስ ይደብቀዋል።

ፊደሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሦስት ባይት ይይዛል። አርዕስቱን በባይት የሚቆርጥ ፕሮግራም 200 ላይ ቢያቆም፣ ክፍት ቦታ ከሌለበት፣ 66 ፊደልና የሁለት ሦስተኛ ፊደል ፍርፋሪ ይተርፋል። ያ ፍርፋሪ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዓልማዝ ሆኖ ይታያል፤ ጥብቅ አንባቢ ከሆነ ደግሞ ፊዱን በሙሉ አልቀበልም ይላል። መቁረጥ ያለበት በፊደል ቆጠራ ነው።

ሁለት ነጥብ። ዎርድፕረስ ቅንጭብ ሲያዘጋጅ 55 ቃል ይቆጥራል፣ የሚቆጥረው ግን ክፍት ቦታ እያየ ነው። በቃላት መካከል ያለ ክፍት ቦታ «፡» ብቻ የሚያደርግ ጸሐፊ ካለ አንቀጹ በሙሉ አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል፣ «ቅንጭብ» ያልሽው ሙሉ ጽሑፉን ይዞ ይወጣል።

አሮጌ ፎንት። ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፣ በፊድ ሲሄድ ግን ፎንቱ አብሮ ስለማይሄድ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ።

ጀማሪ_ገጽ

ፊዱን ስከፍት «የኤክስኤምኤል መግለጫው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ አይደለም» ይላል። ደግሞ አርዕስት ባስተካከልኩ ቁጥር ጽሑፉ ለተከታታዮች ሁለቴ ይደርሳል። ከምን ይሆን?

ኮድና_ፊደል

የመጀመሪያው ባዶ መስመር ነው። ከፋይሉ አናት በፊት አንድ ክፍት ቦታ እንኳ ካለ ይህ ስህተት ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፈንክሽንስ በሚባለው የገጽታው ፋይል መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ ነው፤ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ እያጠፋህ የትኛው እንደሆነ ለይ። እግረ መንገድህን የ& ምልክት ጥሬውን አርዕስት ውስጥ አለመግባቱን እይ፣ እሱም ፊዱን ይሰብራል።

ሁለተኛው የመለያው ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ «ጉይድ» የሚባል መለያ አለው፣ አንባቢው ፕሮግራም አዲስና አሮጌ የሚለየው በእሱ ነው። መለያው ከአርዕስቱ ወይም ከአድራሻው የሚሠራ ከሆነ አርዕስት ሲቀየር አዲስ ጽሑፍ ይመስላል። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የማይለወጥ ቁጥር አድርገው። ገጽህን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ስታዛውርም እንዲሁ ነው፤ መለያው አድራሻ ከሆነ ፊድ ውስጥ ያለው 10 ጽሑፍ በሙሉ እንደገና «አዲስ» ሆኖ ይላካል።

የድምፅ_ክፍል

ለፖድካስት አንድ ልጨምር። የድምፅ ፋይሉን የሚያመለክተው መስመር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አድራሻ፣ ዓይነትና መጠን። መጠኑ ባይት ነው፣ ብዙ ሰው ደቂቃ ይጽፍበታል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ 30 ደቂቃ 14,400,000 ባይት ገደማ ነው። «30» ብለህ ከጻፍክ አንዳንዱ መተግበሪያ ማውረዱ ያለቀ ይመስለውና ያቆማል። የሽፋን ሥዕሉ ለአፕል ከ1400 በ1400 እስከ 3000 በ3000 ፒክሰል፣ አራት ማዕዘኑ እኩል ይሁን። የቋንቋው ምልክትም አማርኛ መባል አለበት፤ ከአብነት ፊድ ሲቀዳ እንግሊዝኛ እንደተባለ ይቀርና በአማርኛ ለሚፈልግ አድማጭ አይወጣም።

የዜና_ዴስክ

ፊድ መክፈት ፈቃድ መስጠት አይደለም። ይህ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፤ ፊዱ ክፍት ስለሆነ ጽሑፉን በሙሉ ወስዶ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ብዙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊው መብት የሚጠበቀው ጽሑፉ በየትኛውም መንገድ ይሰራጭ ነው። ሲንዲኬሽን በኅትመቱ ትርጉም ስምምነት ያለበት ዳግም ኅትመት ነው፤ ስምምነት ከሌለ ቅጂ ነው።

ውል ስትዋዋሉ ዋጋውን ብቻ አትዩ። አርዕስት መቀየር ይችላሉ? ማሳጠርስ? ስንት ሰዓት ቆይተው ነው የሚያወጡት? 24 ሰዓት ቢያንስ ጠይቁ፣ የመጀመሪያው አንባቢ የእናንተ እንዲሆን። የጸሐፊው ስምና ወደ መነሻው የሚወስደው ሊንክ የት ይቀመጣል? የፍለጋውም ጉዳይ አለ፤ ትልቅ ገጽ ጽሑፋችሁን ሲያወጣ ጉግል ላይ ከእናንተ በላይ ሊወጣ ይችላል። ቀድሞ መፍትሔው ቅጂው ላይ «ዋናው ያኛው ነው» የሚል የካኖኒካል ምልክት ማድረግ ነበር። ጉግል ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ለሥርጭት ቅጂ አይመክርም፣ ወሳጁ ገጹን ከፍለጋ መዝገብ እንዲያስወጣ ነው የሚለው። በውሉ ላይ ይህን በግልጽ አስገቡ።

ከሁሉ የሚረሳው እርማት ነው። የሟቾች ቁጥር ወይም የሰው ስም ተሳስቶ ወጥቶ እናንተ ብታርሙት ስምንት ገጽ ላይ ያለው ቅጂ እንደተሳሳተ ይኖራል። አርኤስኤስ 2.0 የወጣበትን ቀን ይይዛል እንጂ የታረመበትን መያዣ የለውም፤ አተም ግን «የታደሰበት» የሚለውን በግድ ይጠይቃል። ስለዚህ የዜና ሥርጭት በአተም ቢሆን ይመረጣል፣ ውሉም «እርማት በደረሰ በ2 ሰዓት ውስጥ ይስተካከላል» ይበል።

ተርጓሚዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠራልኝ። ለዎርድፕረሱ «የሥርጭት ፊዶች»፣ ለውሉ «የባንኮች ጥምር ብድር» ብያለሁ። የውሉን ዋና አንቀጽ እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ እዩልኝ።

«አበዳሪዎቹ በዚህ ውል የተመለከተውን ብድር ለተበዳሪው ይሰጣሉ፤ ወኪል ባንኩም የክፍያውን አፈጻጸም ያረጋግጣል።»

ሕግ_ነክ

ሁለት ቀዳዳ አለው። «አበዳሪዎቹ ይሰጣሉ» ብቻ ካልሽ ለመስጠቱ ግዴታ ሁሉም አብረው ባለዕዳ ሆኑ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1896 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የጋራ ባለዕዳዎች በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ናቸው ይላል። ማለትም ሐ ያልላከውን 150 ሚሊዮን ተበዳሪው ከሀ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው «ያረጋግጣል» ነው። ዳኛ ፊት ሲነበብ ዋስትና ይመስላል። ወኪሉ የሚያደርገው ማስተላለፍ ነው።

«እያንዳንዱ አበዳሪ በሠንጠረዥ 1 ላይ ከስሙ ትይዩ በተጻፈው መጠን ብቻ፣ በተናጠል ያበድራል፤ አንዱ አበዳሪ ግዴታውን ባይፈጽም ሌሎቹ አበዳሪዎችም ሆኑ ወኪል ባንኩ አይጠየቁም። ወኪል ባንኩ ከአበዳሪዎቹ የደረሰውን ገንዘብ ለተበዳሪው ያስተላልፋል።»

የብድር_ክፍል

«በደረሰው ቀን» የሚል ጨምሪበት፣ «ለተበዳሪው» ከሚለው በኋላ። ቀን ካልተጻፈ ገንዘቡ ወኪሉ ጋ ሲያድር ወለዱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።